ያልለመደ አፍንጫ

ጥቅምት 4

ዕረፍት። ተኝቼ ማርፈድ ነበረብኝ፣ ግን የለመደ ሰውነት መች ይተኛል… ገና ሳይነጋ ዓይኔ ቁልጭ አለ። ልብስ አጠብኩ። የሥራ ጫማዬን ወለወልኩ። እማዬ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከዜና አንባቢው ጋር ስትከራከር አረፈደች። "ውሸትህን ነው!" ትለዋለች። እሱ ምን ይበላት?

ምሳ ልሠራ ሽንኩርት ጣድኩ። ስልኬ ላይ የሳምንቱን የበረራ ምድብ እያየሁ ድስቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። አጠገቡ! ማማሰያው እጄ ላይ ነው። እማዬ ከመኝታ ቤት ግድግዳውን እየዳበሰች ብቅ አለች።

"አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልታነጂው ነው?"

ዝቅ ብዬ ሳይ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል። ኩሽናው በጭስ ታፍኗል። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፣ እሺ። አፍንጫዬስ የት ሄዶ ነው?

ጉንፋኑ ነው መቼስ። አለፈ ብዬ ነበር፣ ለካ አልለቀቀኝም። እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትስቅብኝ ዋለች። "ሰማይ ላይ ስንቱ በአንቺ ተማምኖ ይተኛል አሉ!"

ጥቅምት 5

ጉንፋን ቢሆን አፍንጫዬ ይዘጋ ነበር። አልተዘጋም። አየሩ እንደልቡ ይገባል፣ እንደልቡ ይወጣል። ሽታ ብቻ የለም።

ቤቱን ሙሉ ሳሸት ዋልኩ። ሳሙና… የለም። ሽቶዬን እጄ ላይ ነፋሁት፣ ውሃ ነው። የበረኪናውን ክዳን ከፍቼ ተጠጋሁት። ዓይኔን አቃጠለኝ፣ አስነጠሰኝ፣ ሽታ ግን የለም። የጫማ ቀለም። ክብሪት ጭሬ አጠፋሁ። የለም፣ የለም።

"ምን ያነፈንፍሻል?" አለች እማዬ።

"አይጥ የገባ መስሎኝ።"

ሥራ ቦታ ያወጡልኝ ስም አነፍናፊዋ ነው። ካፒቴኖቹ ሳይቀሩ በሱ ነው የሚጠሩኝ። መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር፣ ኋላ ኮራሁበት። የካቢን አለቃ ስሆን እንኳ ስሙ አልተወኝም። ለአዳዲሶቹ አስተናጋጆች የምላቸው ነገር ዛሬ ሲመላለስብኝ ዋለ። ካፒቴኑ ጋ ደውላችሁ "ይሸታል" ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሰውየው በር ዘግቶ ነው የተቀመጠው፣ የእናንተን አፍንጫ ተውሶ ነው የሚወስነው። ምን ምን ይላል? የት? እየባሰ ነው ወይስ እየቀነሰ? የቆየ ካልሲ የሚመስል ከሆነ የሞተር ዘይት ወደ አየሩ ገብቶ ይሆናል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሆነ ሽቦ ነው፣ አትቀመጡ።

ሌላም አለ፣ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን የማያምኑት። አፍንጫ ይለምዳል። ሽታ ውስጥ ጥቂት ከቆየህ ሽታው የጠፋ ይመስልሃል። አልጠፋም፣ አንተ ነህ የለመድከው። ስለዚህ ኋላ የሸተተ ነገር ካለ ከፊት ሰው ይጠራል፣ ፊት ከሆነ ደግሞ ከኋላ። "ያልለመደ አፍንጫ አምጡ" እንላለን።

ስንት ዓመት ያ ያልለመደ አፍንጫ እኔ ነበርኩ። "አነፍናፊዋን ጥሯት!"

ነገ በረራ አለኝ። እስከ ነገ ይለቀኝ ይሆናል…

ጥቅምት 6

አልለቀቀኝም። በረርኩ። ምንም አልተፈጠረም።

ጥቅምት 9

ደግሞ በረርኩ። አሁን ሥራዬ የሰው ፊት ማየት ሆኗል። አንዱ አፍንጫውን ነካ ካደረገ ልቤ ይዘላል። ምግብ ስናሞቅ ምድጃው ፊት ቆሜ የአጠገቤን ልጅ ፊት አያለሁ፣ የምድጃውን ሰዓት አያለሁ። ሁለቴ ከፍቼ አየሁ። "አለቃ፣ ምን ነካሽ? ምግቡ አያመልጥም" አለኝ አንዱ። ሳቅኩለት።

የምግብ ጣዕምም የለም። ጨው መሆኑን፣ ስኳር መሆኑን አውቃለሁ፣ ከዚያ ውጭ ወረቀት ነው የማኝከው።

ጥቅምት 15

እንዴት አድርጌ ልጻፈው… ዛሬ አፈርኩ። ማንም አላየኝም ግን አፈርኩ።

መሐል ረድፍ አንድ ሽማግሌ። ቆቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሲጠብቁኝ ነበር መሰለኝ። ሳልፍ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸታል።"

"ምን ምን ይላል አባቴ?"

"እኔ እንጃ። ጥሩ አይደለም።"

ጎንበስ አልኩ። ወንበሩ ሥር፣ ከላይ ያለው የዕቃ ሳጥን ጋ፣ አየር ማስገቢያው ጋ። እንደ ድሮዬ በቀስታ ሳብኩ። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች መብላታቸውን ትተው እኔን ያያሉ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አፌን ሞልቼ፣ "ምንም የለም አባቴ" አልኩ።

"ተመስገን" አሉ። ሰውም ወደ ምግቡ ተመለሰ። ሁሉም አመነኝ። ዝምተኛው፣ ከእኔ ጋር የሚሠራው ረጅሙ ልጅ፣ ሲመጣ እንኳ "አነፍናፊዋ አይታዋለች" ብሎ ነው ሳያሸት የተመለሰው።

በሰላም አረፍን። ምን እንደነበር አላውቅም። የአንዷ የጥፍር ቀለም ይሆናል፣ የሰው ጫማ ይሆናል። ባይሆንስ?

ጥቅምት 16

ባይሆንስ?

ጥቅምት 20

ሐኪም ጋ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የማያውቀኝ። ወጣት ነው፣ እጁን ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ዓይነት። አፍንጫዬን በመብራት አየ። ጠርሙሶች እያቀረበ "ይሄስ? ይሄስ?" አለኝ። እንደ ፈተና ነበር። አንዱንም አላለፍኩም።

"ከጉንፋን በኋላ ያጋጥማል። ነርቩ ተጎድቷል። በወራት የሚመለስላቸው አሉ።"

"የማይመለስላቸውስ?"

"እነሱም አሉ።" ወረቀቱ ላይ እየጻፈ፣ "ሥራሽ ምንድን ነው?"

"አስተማሪ ነኝ።"

ለምን ዋሸሁ? እሱ ማንን ሊያውቅ? "በቤት ውስጥ የጋዝ ምድጃ ካለ ተጠንቀቂ" ብሎ ሸኘኝ። ስለ ጋዝ ምድጃ ነገረኝ!

ደንቡን አውቃለሁ፣ ራሴም ነኝ የማስተምረው። ለመብረር ብቁ አይደለሁም ብዬ ማመልከት አለብኝ። ካመለከትኩ ወዲያውኑ መሬት ያስቀምጡኛል። ምናልባት ለወራት፣ ምናልባት ለሁልጊዜ። ረሃብ አይደለም የምፈራው። ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ሻርፔን አስሬ፣ የአውሮፕላኑን ከባድ በር እጀታ ገፍቼ "እንኳን ደህና መጡ" ስል ነው ሰው የምመስለው። ከዚያ ሌላ ምን ነኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እማዬና በሩ ናቸው ያሉኝ።

ትንሽ ልጠብቅ። ይመለስ ይሆናል።

ጥቅምት 24

እማዬ ደረሰችበት።

ሻይ በወተት አፍልቼ ሰጠኋት። አፏ ጋ አድርሳ መለሰችው።

"ይሄን ወተት አሽትተሽዋል?"

"አዎ።"

"ጎምዝዟል እኮ። ኩሽናው በሩ ድረስ ይሸታል።" ያ ደብዛዛ ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ። አታየኝም፣ ግን አየችኝ። "ባለፈው ሽንኩርት። ትናንት የቆሻሻው ባልዲ። ልጄ… አፍንጫሽ ምን ሆነ?"

ነገርኳት። ሁሉንም ዘረገፍኩት። የሽማግሌውንም ሳይቀር። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፣ ጉልበቴን ፈልጋ ያዘችኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይኝ! ዓይንሽን ሞራ ሸፍኖት ሐኪም ቤት አልሄድም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ የቤት ሴት ነኝ። ብደናቀፍ የማደናቀፈው ራሴን ነው።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንቺ ግን ብቻሽን አይደለም የምትሄጂው" አለች።

ወተቱን ደፋሁት። በኋላ ስትቀልድ፣ "በይ እንግዲህ፣ እኔ አሸታለሁ፣ አንቺ ታያለሽ። ሁለት ሆነን ከአንድ ሰው አናንስም" አለች። ሳቅን። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም።

ጥቅምት 28

ማመልከቻ ጀመርኩ። ቀደድኩት።

ኅዳር 2

ነገ ከንብ ጋር ነኝ። ንብ የምንላት ስለማትቀመጥና ስለምትናደፍ ነው። ሥራ የጀመርነው አብረን ነው፣ ከእህት አታንስም። ዛሬ ደወለች።

"አነፍናፊ! ነገ ኋላ ነኝ፣ ሁለት ጨቅላ አስተናጋጆች ሰጥተውኛል። አንቺ ፊት ካለሽ ችግር የለም።"

ልነግራት ነበር። አፌ ላይ መጣ። "ደህና እደሪ" ብዬ ዘጋሁት።

ኅዳር 3

ያላሰብነው ከተማ ውስጥ ነን፣ ሆቴል፣ ገና ቀን ነው። ከሁሉ በፊት ይሄን ልጻፍ፦ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ጠዋት ተነሳን። ወንበሩ ሙሉ ነበር። ምግብ ሰጥተን ዕቃ ሰብስበን ጨርሰናል። የውስጥ ስልኩ ጮኸ። ንብ ናት፣ ከኋላ።

"ነይ እስቲ አንዴ። ለአፍታ የሆነ ነገር ሸቶን ነበር። አሁን ጠፍቷል። ምድጃዎቹ ጠፍተዋል፣ ሽንት ቤቶቹን አይተናል፣ የጭስ መጠቆሚያውም ዝም ብሏል። ግን…"

"ካፒቴኑ ጋ ደወልሽ?"

"አንቺ አሽትተሽ ብንደውል ይሻላል ብዬ ነው እንጂ። ምን ብዬ ልንገረው?"

ደንቡ መጀመሪያ ካፒቴኑ ነው። ንብ ይሄን አጥታው አይደለም። እኔን መጠበቅ ለምዳለች። ሁላችንም እንዲህ ነው የለመድነው፣ አነፍናፊዋ ትምጣና ታረጋግጥ። ያወጡልኝ ስም ከደንቡ በልጦ ተገኘ።

መተላለፊያውን ይዤ ሄድኩ። ቀስ ብዬ፣ ፈገግ እያልኩ፣ የሕፃን ጫማ አንስቼ ለእናትየው እየሰጠሁ። የምንሮጥ ከሆነ ሰው ይደነግጣል።

ኋላ ጋሊው ውስጥ፣ ምግብ የምናሞቅበት ጠባብ ጥግ፣ ሦስቱም ቆመዋል። ንብና ሁለቱ አዳዲሶች። ቦታ ለቀቁልኝ። ንብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እሺ፣ አነፍናፊ?"

ሳብኩ። አየር። ቀዝቃዛ ባዶ አየር።

ታናሽየዋ ልጅ ዓይኔን ነው የምታየው። ሁለት ቃል ነው የቀረኝ። "ምንም የለም።" ብላቸው ሦስቱም ተመስገን ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ቀላል ነበር። ከዚህ በፊት ብዬው አውቃለሁ። የሽማግሌው ቆብ ዓይኔ ላይ ውል አለ።

"ንብ፣ ስሚኝ። አፍንጫዬ ሞቷል። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም ማሽተት አልችልም። በረኪና እንኳ። እዚህ ምን እንዳለ አላውቅም።"

አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

ስልኩን አነሳሁ። ድምፄ እንዴት እንዳልተሰበረ እንጃ።

"ካፒቴን፣ ኋላ ጋሊ አካባቢ ሦስት ሠራተኞች ሽታ ሸቷቸዋል። ምን እንደሆነ አለዩትም፣ ለምደውት ይሆናል። ምድጃዎች ጠፍተዋል። እኔ ማሽተት አልችልም፣ ታምሜ ነው። ከፊት ሌላ ሰው እየጠራሁ ነው።"

ካፒቴኑ ትልቅ ሰው ነው፣ ብዙ አብረን በረናል።

"ማሽተት አትችይም?"

"አልችልም ጌታዬ።"

"ጥሪው። ቶሎ በይ። ስልኩን አትዝጊ።"

ከፊት ዝምተኛው መጣ። ጋሊው ድረስ እንኳ አልደረሰም፣ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን አጨማደደ።

"ሽቦ ነው" አለ። "የተቃጠለ ሽቦ። እናንተ… አይሸታችሁም እንዴ?"

አልሸተታቸውም። ውስጡ ቆመው ለምደውት ነበር።

ከዚያ ያለው የተቆራረጠ ነው። ካፒቴኑ የጋሊውን ኤሌክትሪክ አጠፋ። "ቅርብ ወዳለው ማረፊያ እየዞርኩ ነው" አለ። ዝምተኛው ወንበር ላይ ወጥቶ በእጁ ጀርባ ጣሪያውን ይዳብሳል። "እዚህ ቀዝቃዛ። እዚህ ቀዝቃዛ። እዚህ… ኧረ ትኩስ ነው!" ሽታው ከሽንት ቤቱ ሳይሆን ከጣሪያው ልባስ በላይ ነበር፣ መጠቆሚያ ከሌለበት ቦታ። የመጨረሻዎቹን ረድፎች ሰዎች ወደ ፊት አሻገርን፣ ሦስት ሦስት ሆነው ወለል ላይ ጭምር ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዬን ካልያዝኩ አልነሳም ብላ ድርቅ አለች። አንዱ ጎረምሳ እሷንም ቦርሳዋንም ተሸክሞ ሄደ። እርጥብ ፎጣ አደልን፣ አፍንጫና አፋቸውን እንዲሸፍኑ።

ንብ የጭስ ጭንብሏን አጥልቃለች። እኔም። የእሳት ማጥፊያውን ይዣለሁ። ከጣሪያው መገጣጠሚያ ቀጭን ጭስ መውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ አየሁት። ዓይኔ ነው የነገረኝ። ንብ ጠርዙን ፈልቅቃ ከፈተች፣ እኔ በቀዳዳው ለቀቅኩበት። ነጭ ሆነ። ምንም አይታየንም። እጇ ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞኛል። ደግሜ ለቀቅኩ። ቆመ።

ስናርፍ የእሳት አደጋ መኪኖች ከጎናችን ይሮጡ ነበር። ሰው ሲወርድ አንድ በአንድ "አይዞን፣ ተጠንቀቁ" እያልኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

በኋላ የጥገናው ሰው ከጣሪያው ያወጣውን ይዞ ወረደ። የጠቆረ ሽቦ፣ ዙሪያው ያረረ የሙቀት መከላከያ ልባስ። "አይጠጉ፣ ሽታው ይገላል" አለ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ። ተቀብዬው አፍንጫዬ ጋ አደረስኩት። ምንም። ባዶ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ኅዳር 4

ትናንት ወደ ሆቴሉ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ንብ አጠገቤ ተቀመጠች። ከጎኔ ሆና ወደ መስኮቱ ነው የምታየው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥቅምት መጀመሪያ።"

"አብረን ስንቴ በረርን?"

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

"አንቺ አለሽ ብዬ እኮ ነው ዓይኔን የምጨፍነው። ልጆቹን 'እሷ ካለች አትስጉ' የምላቸው።"

"ተናገርኩ እኮ ንብ። ነገርኳችሁ።"

"ዛሬ። ትናንትናስ? ትናንት ደውዬልሽ አልነበረም?"

"ፈራሁ።"

"አፍንጫሽን ላሺ!" አለች። ያለችውን ሰማችው። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር። ተነስታ ፊት ሄዳ ተቀመጠች።

እውነቷን ነው። አንድ ቃል ሐሰት የለውም።

ኅዳር 5

ቤት ገባሁ። እማዬ በሬዲዮ ሰምታለች። በር ላይ ቆማ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አፍንጫዬን።

"ተናገርኩ እማዬ። ከአሁን ወዲያ ግን አልበርም።"

አለቀሰች። "አንቺ ምን ያስለቅስሻል?" አልኳት።

"አፍንጫን ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል አሉ።"

ኅዳር 11

የመሥሪያ ቤቱ አጣሪዎች ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ በብርጭቆ። አንዷ ሴት የቀድሞ አስተናጋጅ ናት፣ አቀማመጧ ያስታውቃል።

መሐል የተቀመጠው ሰውዬ ሊያመሰግነኝ ነው የጀመረው። ፈጣን ውሳኔ፣ ቆራጥነት፣ ምናምን። አስቆምኩት። በሽታው መቼ እንደጀመረኝ ተናገርኩ። ሳልናገር የበረርኩባቸውን ቀናት ተናገርኩ። የሽማግሌውንም። ማንም አልጠየቀኝም ነበር፣ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጨረስኩት። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ለምን ይሄን ትነግሪናለሽ?"

"በሚቀጥለው ጊዜ 'ምንም የለም' የሚለው ሌላ ሰው ስለሚሆን።"

ሴትዮዋ ናት ቀና ያለችው። "ቀጥይ።"

"ዓይናችንን በየዓመቱ ታያላችሁ። ጆሯችንን ታያላችሁ። አፍንጫችንን አንድ ቀን የጠየቀን የለም። ከበረራ በፊት ቆመን ስንነጋገር ስለ በሩ፣ ስለ ሕይወት አድን ጃኬቱ፣ ስለ ማጥፊያው እንጠያየቃለን። 'ዛሬ ማሽተት የማይችል አለ?' የሚል የለም። ቢኖር እመልስ ነበር አልልም። ምናልባት እዋሽ ነበር። ጥያቄ ሲኖር ግን ውሸቱ ይከብዳል።" ወዲያው ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። "ይሄን ያልኩት ለማመካኘት አይደለም" አልኩ።

ስወጣ ሴትዮዋ ኮሪደር ላይ ደረሰችብኝ። እጄን ጨበጠችኝ።

ኅዳር 19

ውሳኔው መጣ። ከበረራ ታግጃለሁ። ማስጠንቀቂያም አለው። አፍንጫዬ ከተመለሰ ያዩታል። እስከዚያ ማሠልጠኛው ውስጥ ልሥራ። ከጠበቅኩት ይቀላል፣ ከፈራሁትም ይቀላል። ቢሆንም ሆዴን ባር ባር አለው።

ኅዳር 20

የበረራ ልብሴን አስረከብኩ። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ሻርፑን አጣጥፎ "ሲመለሱ ይወስዱታል" አለ። ደግ ሰው ነው። "አዎ" አልኩት።

ታኅሣሥ 2

ማሠልጠኛው ውስጥ የአውሮፕላን ቁራጭ አለ፣ ወንበርም በርም ያለው። በሰው ሠራሽ ጭስ እንሞላውና ልጆቹ በእጃቸው እየዳበሱ ይወጣሉ። ማሽኑን የማበራው እኔ ነኝ። ዛሬ አንዷ፣ አፏ የማያርፍ፣ ከሁሉም ፊት ጠየቀችኝ።

"አሁን ይሸትሻል?"

"አይሸተኝም።"

"ታዲያ ስለ ሽታ እንዴት ታስተምሪናለሽ?"

ሌሎቹ አጎነበሱ። እኔ ግን ደስ አለኝ። "እኔን እንዳታምኑኝ ነው የማስተምራችሁ" አልኳቸው። "አንድ አፍንጫ አይታመንም፣ የእኔም ቢሆን፣ የእናንተም። ደንቡን እመኑ፣ ካፒቴኑ ጋ ደውሉ፣ ሌላ ሰው ጥሩ።" ጻፉ። አፈኛዋ ግን አልጻፈችም፣ ታየኝ ነበር።

ታኅሣሥ 9

ጥያቄው ደንቡ ውስጥ ገባ። ከዛሬ ጀምሮ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የካቢን አለቃው ይጠይቃል። ዝምተኛው ነው የነገረኝ፣ በሁለት መስመር መልእክት። ለሱ ሁለት መስመር ብዙ ንግግር ነው።

ታኅሣሥ 17

ስለ ጥያቄው ይቀልዳሉ አሉ። "ዛሬ የማይሸተው አለ?" ሲባል አንዱ "የጓደኛዬ እግር ባይሸተኝ ደስ ባለኝ" ብሎ ሁሉም ሳቀ። ቀልዱን እኔም ወደድኩት። ግን እስካሁን አንድም ሰው አዎ ያለ የለም። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጉንፋን። ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው?

ንብ አትደውልም። ሁለቴ ደወልኩላት፣ አላነሳችም።

ታኅሣሥ 30

ሐኪም ቤት ነበርኩ። ያ እጁን የሚታጠበው። "አስተማሪ ነኝ ብለሽኝ ነበር አይደል?" አለ። ያኔ ውሸት ነበር፣ አሁን እውነት ሆኗል። ጠርሙሶቹን ደግሞ አቀረበልኝ። አንዱም የለም። "ተስፋ አትቁረጪ" ሲለኝ ዓይኔን አላየኝም።

መንገድ ላይ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ዳቦ ገዝቼ ገባሁ።

ጥር 14

ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ጨርሼ ቤት እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። ንብ። ስሟን ሳይ እጄ ቆመ። አነሳሁት። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ የተዘጋ፣ የጎረነነ ድምፅ።

"ዛሬ እጄን አወጣሁ።"

"ምን?"

"ከበረራ በፊት። አለቃዋ እኔ ነኝ፣ ጠያቂዋም እኔ ነኝ። 'ዛሬ ማሽተት የማይችል አለ?' ብዬ ጠየቅኩ፣ ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም ልል ነበር። ጉንፋን ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ወረቀቴን አጣጥፌ 'እሺ እንሂድ' ልል አፌን ከፍቼ ነበር እኮ…" አሳላት። "አንድ ዓረፍተ ነገር ነው አይደል? አልወጣ አለኝ። ልጆቹ ያዩኛል። ስንት ቀን ስሰድብሽ ከርሜያለሁ፣ ያን ሰዓት ግን…"

"አልሽው?"

"አልኩት። 'እኔ' አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዲት ልጅ ደግሞ እጇን አወጣች። ከኔ በኋላ! እሷም ታማለች። ሌላ ሁለት ሰው እስኪመጣ ጠበቁ።" ድምጿ ዝቅ አለ። "አንቺ አየር ላይ ሆነሽ፣ ሦስታችንም አፍ አፍሽን እያየንሽ… እንዴት አልሽው?"

"እንጃ። ፈርቼ።"

ስልኩ አልተዘጋም፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"በረራውስ?" አልኳት።

"ያለኔ ሄደ።"

እንዴት እንደከበዳት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ነይ" አልኳት። "እማዬም አለች።"

እየመጣች ነው።